ቅቤ ያልተቀባች ባዝራ

ዛሬ ጠዋት ለእህቴ ልጅ ሠርግ የሚሆን ሩዝ ያመጣልኝ ባለቦዳቦዳ ሞተሩን በራችን ላይ አቁሞ ጭነቱን ሲያወርድ፣ ከሥር አንጥፎት የነበረው የቃጫ ጆንያ ሌሊት በጣለው ዝናብ ርሶ ስለነበር የጋለውን ሞተር ሲነካው እንፋሎት ወጣውና የእርጥብ ቃጫ፣ የአቧራ፣ የላብና ትንሽ የተለበለበ ፀጉር የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ልጁ ጆንያውን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል "ቆይ፣ አታንሳው" አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝና "ማማ፣ ጉኒያ ነው እኮ!" አለኝ። ጆንያ መሆኑ መች ጠፋኝ። ለእሱ ጆንያ ነው፤ ለእኔ ግን የዳማ ጀርባ ነው፤ ኮርቻው ሲነሳ ከሥሩ የሚወጣው ሞቅ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ሽታ፣ ከዚያ ወዲህ የትም ፈልጌ ያላገኘሁት። ልጁ ሳቁን እየዋጠ ሄደ፣ እኔም ያን ሁሉ ሥራ ትቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ዳማ ባዝራችን ነበረች። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው፤ ማንያታ በምንለው ሰፈራችን ሞባይል ያለው ሰው ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚንጎራደድበት፣ ወደ ኢሲዮሎ የሚወርደው መንገድ አስፋልት የሚባል ነገር ያላየበት፣ ከብት የጫኑት ሎሪዎች በላያቸው ሰው ደርድረው በፖሊስ አጀብ የሚወጡበት ጊዜ። አባቴ እዚሁ ኬንያ ሞያሌ የተወለደ የከብት ደላላ ነበር፤ እናቴ ከድንበሩ ማዶ ተድራ የመጣች ናት፤ ስለዚህ እኛ ቤት በአማርኛ እንቆጣለን፣ በኦሮምኛ እንስቃለን፣ በስዋሂሊ ደግሞ ከመንግሥት ጋር እንነጋገራለን። ልጆቹ ሁላችንም ሴቶች ነን። ይህም ለጎረቤት አንድ ራሱን የቻለ ወሬ ነበር።

ጃተኒ የሚባል የቦሪ ሰው፣ የአባቴ ወዳጅ፣ አንድ ጊዜ ሚስቱ ምጥ ጸንቶባት ሲጨነቅ አባቴ የሎሪ ሾፌር ለምኖ ሆስፒታል አድርሶለት ነበር፤ እናትም ልጅም ደህና ወጡ። ጃተኒ ውለታ የሚረሳ ሰው አልነበረም። ዝናቡ ጥሎ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ አንዲት ዳማ ባዝራ እየሳበ ከቦሪ መጣና ገመዷን አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠው። አባቴ በሕይወቱ ከበሬና ከፍየል በቀር ይዞ አያውቅም፤ ገመዱን ይዞ ባዝራይቱን ሲያይ፣ ባዝራይቱም እሱን ስታይ፣ ማን ማንን እንደሚመራ ለጊዜው አልታወቀም። ቀለሟ ዳማ ስለነበረ ስሟም ዳማ ሆነ።

ሞያሌ የከብት አገር ነው። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን የከፈተው በሬ ላይ ነው፤ መልካም እንስሳ ሲባል ወዲያው የሚመጣለት ጀርባው ረጅምና ለጥ ያለ፣ ዳሌው የሰፋ፣ አንገቱ የደነደነ፣ እግሩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው። ለሚታረድ በሬ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስሕተታቸው ፈረሱንም በዚያው ዓይን ማየታቸው ነበር፤ ሥጋው ለማይበላ እንስሳ ሥጋውን ይመዝኑለታል። በዚህ ዓይን ሲታዩ የዳማ ጉዶች አያልቁም ነበር። አንገቷ ቀጭን፣ ደረቷ ጠባብ ሆኖ ወደ ታች የወረደ፣ ጀርባዋ ከማጠሩ የተነሣ ሁለት ሰው ቢቀመጥባት አንዱ ጭራዋ ላይ የሚሆን፣ ትከሻዋ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ የኋላ እግሯ ቋንጃው ላይ ታጥፎ ሁልጊዜ ልትቀመጥ ያሰበች የምትመስል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሞላ፣ ናይሮቢ ድረስ በሬ የሚልክ ነጋዴ፣ መጀመሪያ ሲያያት ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይቺ ፈረስ ናት ወይስ ወንበር? እኛ ሳንቀመጥባት እሷ ልትቀመጥ ነው እኮ! ሃዌዚ፣ ምንም አትችልም!"

እሱ ራሱ ቡላ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ የገዛውም እንደ በሬ መርጦ ነው። ቡላ በእውነት ያምር ነበር። ጀርባው አልጋ ያህላል፣ ደረቱ ይሰፋል፣ ሲሄድ እግሩን ከፍ ከፍ ያደርጋል፤ ጋሼ ሞላ በላዩ ሆኖ በገበያው መካከል ሲያልፍ ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ይነሳ ነበር። መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይባል የለ? ማንያታ ላይ ግን ጠጥተውት ነበር።

ስለ እኔም መናገር አለብኝ። ግራ እግሬ ከቀኜ ያጥራል፤ የተወለድኩት እንዲህ ሆኜ ነው። እናቴ ገበያ ወስዳ ከጫማዬ ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ በላይ በላዩ ታስመታልኝ ነበር፤ እኔ ሳድግ ጎማውም አብሮኝ አደገ። ሴቶች ከእናቴ ጋር ቆመው ሲያወሩ ከላይ እስከ ታች ያዩኝና "ፊቷስ ደህና ነበር" ይላሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ ጆሮዬም እንደ እግሬ ያጠረ ይመስል። ስለዚህ ሰዎች ዳማን ከብበው ጉድለቷን በጣታቸው ሲያሳዩ ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር፤ ደግሞም አልተሳሳትኩም። ያኔ ያደረብኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግም።

ዳማን ውሃ ልናጠጣ ስንወስዳት እህቶቼ ገመዱን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ እቀራለሁ። እግሬን የት እንደማሳርፍ ለማየት ሁልጊዜ መሬት መሬት ስለማይ የሞያሌን ቀይ አቧራ እንደ እኔ አጥንቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከፊቴ ያለውን ዱካ ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ። የዳማ የኋላ ኮቴ የፊቱ ኮቴ የተወው ምልክት ላይ አያርፍም፤ አልፎት፣ ስንዝር ያህል ቀድሞት ነው የሚያርፈው። በማግስቱ ጋሼ ሞላ ቤት ሄጄ የቡላን ዱካ ተከተልኩ። የእሱ የኋላ ኮቴ የፊቱን ሳይደርስበት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁሉ የሁለቱን አካል ማየት ሆነ። የዳማ ትከሻ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል የፊት እግሯ ያለ ችግር ወደ ፊት ይዘረጋል፤ የቡላ ትከሻ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ እግሩን ያነሳዋል እንጂ አይዘረጋውም፣ ከፍ አድርጎ ያነሳና እዚያው አጠገቡ ይጥለዋል፤ ሰው የሚደነቅበት አካሄድ ይኸው ነው። የተሳቀበት የዳማ አጭር ጀርባ የኋላ እግሯን ከሆዷ ሥር ያስገባላታል። ያ ልትቀመጥ ነው የተባለለት የታጠፈ ቋንጃዋ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሰውነቷን የምትይዝበት፣ ዳገት ላይ የምትስፈነጠርበት ነው። ወንበር አይደለችም! ይህን ሁሉ ለአባቴ ስነግረው ራሴን ዳብሶ "ዱካ አይሮጥም፣ ጫልቱ" አለኝ።

ጋሼ ሞላ የወንድሙ ደጅ ላይ ያቺ ባዝራ መታየቷ ለቤተ ዘመዱ ውርደት ነው ብሎ ያምን ነበር። አንድ ቀን በከተማው ዳር ካለችው ከቡቲዬ በጋሪ ውሃ የሚያመላልስ ሰው ይዞ መጣ፤ ሰውየው ዳማን ለጋሪ ወስዶ በምትኳ አህዮች ሊሰጠን ተስማምቶ ኖሯል። አባቴ "ስጦታ እኮ ናት" አለ፣ ድምፁ ግን ጠንካራ አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሙ ፊት ድምፁ ጠንክሮ አያውቅም። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። በመጨረሻ አባቴ አንድ ነገር አለ። "የልጅህ ሠርግ ቀርቧል። ዳማ ከአጃቢዎቹ ፈረሶች እኩል ሙሽራዋ አገር ቦሪ ከደረሰች እዚህ ትኖራለች፤ ወደ ኋላ ከቀረች አህዮቹን አምጣ።"

ጋሼ ሞላ እንደገና ሳቀ። "እሺ፣ ሳዋ! ግን ማን ሊቀመጥባት ነው? አንተ እንደሆነ ፈረስ ትፈራለህ፣ ወንድ ልጅ የለህም።"

ከበሩ ኋላ ወጣሁና "እኔ" አልኩ።

የሆነውን ጫጫታ መግለጽ አልችልም። ሴት ልጅ! ከሴትም ይቺ! ከወደቀች፣ የቀረው እግሯ ቢሰበርስ፣ ሰውስ ምን ይላል። እናቴ ተነስታ ጃተኒ የተወልንን ኮርቻ ከግድግዳው አወረደችና ወደ ዳማ ሄዳ ጫነችባት፣ እኔን ድንጋይ ላይ አስቁማ ኮርቻው ላይ አስቀመጠችኝ፣ ከዚያ የግራውን እርካብ ጠፍር ይዛ እግሬ እስኪገባ ድረስ አሳጠረችው፤ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ በሳችለት። ወደ ታች አየሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ጉልበቶቼ እኩል ነበሩ። "ጨርሰናል" አለች እናቴ፣ ወደ ወንዶቹ ሳትዞር። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ሠርጉ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከከተማ ወጣ ብዬ ከዳማ ጋር ተለማመድኩ፤ ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ዳማ ታውቃለች።

በእኛ ዘመዶች ዘንድ የሙሽራው ወገን በፈረስ ሲሄድ፣ ከሙሽራይቱ ደጅ ቀድሞ የደረሰውን ፈረስ የሙሽራይቱ እናት ግንባሩን ቅቤ ትቀባዋለች። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ማን ተቀባ የሚለው ወሬ ከጋብቻው ይበልጥ ዕድሜ አለው። የጋሼ ሞላ ምራት የቦሪ ልጅ ነበረች። ከቡቲዬ ስንነሳ ሙሽራው በላንድሮቨር ከኋላ፣ እኛ ባለፈረሶቹ ከፊት ነበርን፤ ጋሼ ሞላ ነጭ ኮፍያ አድርጎ ቡላ ላይ፣ እኔ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ታጥቄ ከሁሉም ኋላ። እሱ አለንጋውን ሲያነሳ ሁሉም ሽምጥ ጋለቡ።

ሜዳው ላይ ቡላ መራ። ይህን አልክድም፤ ትልቅ ነው፣ ጉልበት አለው፣ መሬቱም ለጥ ያለ ነው። ዳማ ግን አልተጣደፈችም፤ ከሥሬ የሚሰማኝ ያ ረጅም፣ የማያናውጥ እርምጃዋ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ፈረሶች እግራቸውን በጣደፉ ቁጥር እሷ እየተዘረጋች አንድ በአንድ ደረሰችባቸው። ከዚያ መንገዱ ወደ ደረቁ ወንዝ ቁልቁል ወረደ፣ ድንጋይ በድንጋይ። ሸክሙ ሁሉ የፊት እግሩ ላይ የሆነ ረጅም ፈረስ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ያየ ሰው ነጋሪ አያሻውም። ቡላ የኋላ እግሩን ሰብስቦ ሊይዝ ሞከረ፣ ጀርባው አላጠፍ አለው፤ ፊቱ ቀደመ፣ ጉልበቱም ከዳውና ተንበረከከ። ጋሼ ሞላ በአንገቱ ላይ አልፎ አሸዋው ላይ በደረቱ አረፈ። እኛ በአጠገቡ አለፍን። ዳማ ቋንጃዋን አጥፋ፣ ቂጧን ወደ መሬት አስጠግታ፣ ልክ ልትቀመጥ እንዳሰበች ሆና ነው የወረደችው፤ ማዶ ያለውን ዳገት ደግሞ ፍየል በሚያስንቅ አወጣጥ ወጣችው። "ተነስ ጋሼ!" ብዬ ጮኽኩ። በደግነት ነው ብዬ አልዋሽም።

ቦሪ ስንደርስ ከፊታችን ማንም አልነበረም። እልልታው ቀለጠ። የሙሽራይቱ እናት ቅቤውን በመዳፏ ይዛ ከአጥሩ ወጣች፣ ወደ ዳማ ግንባር እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ቀና ስትል እኔን አየች። እጇ እዚያው አየር ላይ ቆመ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ "የሙሽራው ወገን የሚባለው ወንዱ ነው፤ ልጅቷ ለጨዋታ ነው የመጣች። ፈረሶቹ ይምጡና ይታያል" አለ። ፈረሶቹ ይምጡ! ታዲያ ሥሬ ያለችው ምንድን ናት? ፀሐዩ ይጠብስ ነበር። ቅቤው በሴትዮዋ መዳፍ ላይ እየቀለጠ በእጅ አንጓዋ ወደ ክንዷ ሲወርድ አየዋለሁ።

"ውረጂ ልጄ፣ ደክሞሻል" አለኝ ሽማግሌው።

"አልወርድም።"

ጋሼ ሞላ ደረሰ። የቡላ ሁለት ጉልበት ቀይ አቧራ ለብሷል፣ የባለቤቱም ደረት እንዲሁ፣ ነጩ ኮፍያ የለም። ሽማግሌዎቹ መንገድ ለቀቁለት፣ የሙሽራው አባት ነዋ። እሱም ሳያፍር "ልጅቷ ላባ ናት፤ ማንም ላባ ይዞ ቢሮጥ ይቀድማል" አለ። አዎ፣ ቀላል ነበርኩ። ግን ሜዳው ላይም ቀላል ነበርኩ፣ ሜዳው ላይ የመራው እሱ ነው፤ ወንዙ ላይ ያስተኛው የእኔ ቅለት አይደለም። አፌ አልቻለም፤ ከኮርቻው ላይ ሆኜ ሁሉም እንዲሰማ "ጋሼ፣ የቡቲዬው ሰውዬ ለጋሪ የሚሆን ከፈለገ ቡላን ስጠው! ቀጥ ያለ ትከሻ ለመጎተት ነው የሚሆነው!" አልኩት።

ከአጥሩ ኋላ ያሉት ሴቶች ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሼ ሞላ አለንጋውን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ከሙሽራው ጋር በላንድሮቨር የደረሰው አባቴ ከሰዉ መካከል ወጥቶ የዳማን ልጓም ያዘ። ሊያወርደኝ መስሎኝ ሁለት እጄን ጋማዋ ውስጥ ቀበርኩ። እሱ ግን ወደ ወንድሙ ዞረ። ድምፁ ያን ቀን ጠንካራ ነበር።

"ቅቤው የእናንተ ይሁን። ባዝራዋ ግን ቦሪ ደርሳለች። ቃልህ ቃል ከሆነ ከቤቴ አትወጣም።"

አልወጣችም። ቅቤውም ለቡላ ሆነ፤ ከመቅለጥ የተረፈችውን ትንሽ ነገር ግንባሩ ላይ ቀቡለት። ጃተኒ ከአጥሩ ጥግ ሆኖ ሁሉንም ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ መጣና ጉልበቴን በመዳፉ ነካ አድርጎ "ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ፣ እኔ አይቻለሁ" አለኝ። ማታ ቤታችን ስንገባ እናቴ ከጓዳ ቅቤ ይዛ መጣች፣ ዳማን ልትቀባት። እጇን ያዝኩት። የተነፈግነውን በራሳችን ቅቤ ሸፍነን ነገሩ እንዲረሳ አልፈለግኩም። እናቴ ትንሽ አየችኝና ቅቤውን መልሳ ወሰደች፤ የቀረው ወጥ ላይ እንደገባ ትዝ ይለኛል፣ ወጡም ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት አብረን ኖርን። ድርቁ ሲመጣ ማንያታ ውስጥ ለፍየል እንኳን ካርቶን ይሰጥ ጀመር። አባቴ ጃተኒ ዘንድ ጥቂት ሣር አለ ሲባል ሰማና ዳማን ይዘን ወደ ቦሪ ሄድን። በላይዋ አልወጣሁም፤ ጎን ለጎን ነው የሄድነው። ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ ሁሉ በቆዳዋ ላይ ይቆጠር ነበር፤ ያ ያጋደለ ትከሻዋ፣ ያች አጭር ጀርባዋ፣ እንዴት እንደተሠራች እንደዚያ ቀን በግልጽ ታይታኝ አታውቅም። መንገድ ላይ ዝቅ ብዬ ዱካዋን አየሁ፤ የኋላ ኮቴዋ የፊቱን ሳይደርስበት ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ መሬቱን አላየሁም፤ ቀና ብዬ እየተደናቀፍኩ ሄድኩ። ዝናቡ ሳይመጣ ሞተች። ጃተኒ ራሱ መጥቶ ነገረን፣ አለቀስኩ፣ ለሰው ከማለቅሰው በላይ አለቀስኩላት።

የጠፋውን አውቀዋለሁ። አባቴ የለም፣ ጃተኒ የለም። ፈረሶች ይሮጡበት በነበረው ሜዳ ዛሬ ሞተር ይሮጣል። ከዚያ ሠርግ በኋላ ከዘመዶቻችን ሴት ልጅ ፈረስ ላይ እንድትወጣ የፈቀደ አባት አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ከናካቴው ፈረስ የለም፣ የሚከለክለውም የሚከለከለውም አብረው ቀሩ። እኔም ከዳማ ወዲህ ኮርቻ ላይ አልወጣሁም፤ በምድር ላይ አንዱ ጉልበቴ ከአንዱ ዝቅ እንዳለ እሄዳለሁ። ይህ ሁሉ ያመኛል። የማያመኝ አንድ ነገር ቢኖር ያቺ ቀን ናት፤ እሷ ገና አላለፈችም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ጋሼ ሞላ ወጣቶቹን ሰብስቦ የድሮ ሠርግ እያወራ ነበር። አርጅቷል፤ ጉልበቱ ከድቶት በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የገባው። ስለ ቡላ ያወራል፤ እግሩን እንዴት ከፍ ከፍ ያደርግ እንደነበር፣ ቦሪ ላይ እንዴት ቅቤ እንደተቀባ። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። የጣለውን ወንዝ አላነሳም። እህቴ ጉልበቴን በእጇ ጫን አድርጋ ያዘችኝ፤ "ዛሬስ ተይ፣ ሽማግሌ ነው" ማለቷ ነው። እጇን አንስቼ ተነሳሁና በድንኳኑ መካከል እያነከስኩ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ጋሼ ሞላ ለረጅም ጊዜ እግሬን፣ ከዚያ ፊቴን አየ፤ ከዚያ እንደ መታረቅ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

"እሺ ጫልቱ፣ አንቺ ቀደምሽ እንበል።"

እጁን ያዝኩት፣ ሽማግሌ ነዋ፣ አጎቴም ነው።

"እንበል አይደለም ጋሼ" አልኩት። "ቀድሜያለሁ።"